«ሴት»፦ ትንሿ ቃል፣ ትልቁ ጣጣ

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ይህ ብሂል ለሸንጎ ንግግር ብቻ ሳይሆን ለቋንቋ ትምህርትም ይሠራል። ቃልም እንደ ጨርቅ ነው፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ይዘው ሲጎትቱት ይቀደዳል።

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ስለ ሰዋስው ብዙ ይወራል። ስለ ቴንሱ፣ ስለ ፓሲቭ ቮይሱ፣ ስለ ኮንዲሽናሉ ሻይ ቤት ድረስ እንከራከራለን። ስለ ቃላት ስናወራ ግን ጨዋታው «ስንት ቃል ታውቃለህ?» ከሚለው አያልፍም። እኔ ደግሞ ዛሬ ጥያቄውን ገልብጬ ላቅርበው። ለመሆኑ አንዱን ቃል ስንት ቦታ ታውቁታላችሁ?

ለአብነት የመረጥኳት ቃል በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደል፣ በኤስ፣ በኢ እና በቲ ትጻፋለች። በእኛ ፊደል ስንጽፋት «ሴት» ሆና ቁጭ ትላለች። ከእናቶቻችንና ከእህቶቻችን መጠሪያ ጋር እንዳትምታታ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንግሊዝኛዋን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ አስገባታለሁ። የሒሳብ መምህር «ኤምፕቲ ሴት» ሲል ከኋላ ወንበር የሚነሣውን ሳቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳቁ ይለፍና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

የእኔ ክርክር አጭር ነው። ቃልን «ይህ ማለት ይህ ነው» እያልን አንድ ለአንድ የምናጠናበትና የምናስጠናበት ልማድ እየጎዳን ነው። በተለይ ነገ መምህር ሆነን በየወረዳው የምንበተን ሰዎች ይህን ልማድ ይዘን ከሄድን ጉዳቱን እናባዛዋለን። ለምን እንዲህ እንዳልኩ «ሴት» ራሷ ትመስክር።

አንድ ቃል፣ ስንት ትርጉም?

ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተጠነሰሰው በ1857 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን የመጀመሪያው እትም ተሟልቶ ያለቀው በ1928 ነው። በ1989 ሁለተኛው እትም በ20 ቅጽ ሲወጣ፣ በውስጡ ካሉት ቃላት ሁሉ ረጅሙን ማብራሪያ የያዘችው ይህችው «ሴት» ነበረች። ለግሥነቷ ብቻ ወደ 430 የሚጠጉ ትርጉሞች ተቆጥረውላት ማብራሪያዋ 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። አሁን የምታነቡትን ጽሑፍ የሚያህሉ ከ20 በላይ ጽሑፎች ማለት ነው፤ ያውም ስለ አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል! እርግጥ ነው፣ ክብሯ ለዘላለም አልቆየላትም። መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲከለስ «ራን» የተባለችው ሌላዋ ትንሽ ቃል ቀድማታለች። በ2011 (እ.ኤ.አ.) እንደተነገረው ለ«ራን» ግሥ ብቻ 645 ትርጉም ተገኝቶላታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለቱም ከባድ የምንላቸው ቃላት አይደሉም። ሁለቱም ገና በታችኛው ክፍል የምናገኛቸው፣ ማንም ተማሪ ከሥራቸው የማያሰምርባቸው ናቸው። ይህ ደግሞ አጋጣሚ አይደለም። ጆርጅ ዚፍ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1945 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት አንድ ቃል በብዛት በተነገረ ቁጥር የትርጉሙም ብዛት እንደሚጨምር አሳይቷል። ነገሩን ወደ ራሳችን ስንመልሰው እንዲህ ነው፤ «ፎቶሲንተሲስ» ረጅምና አስፈሪ ቢመስልም ትርጉሙ አንድ ነው። አንዴ ከያዝነው አይከዳንም። «ሴት» ግን ትንሽ ናት ብለን ስንንቃት ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ታደናቅፈናለች። እኛ ግን የምንሸመድደው ረጃጅሞቹን ነው። ትንንሾቹን «እናውቃቸዋለን» ብለን እናልፋቸዋለን።

ከየት መጣች?

የቃሏ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። ግሡ የመጣው «ሴታን» ከሚለው የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ሲሆን የቅርብ ዘመዱ «ሲት»፣ ማለትም መቀመጥ ነው። «ሴት» ማለት በመሠረቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ «ተቀመጠ» ካልን በኋላ «አስቀመጠ» እንላለን። አድራጊና አስደራጊ እያልን የተማርነው ማለት ነው። እንግሊዝኛም ድሮ ይህን ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ግን ዘዴው ስለጠፋ «ሲት» እና «ሴት» ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት መስለው ይታያሉ።

ስሙ ደግሞ ሌላ መንገድም አለው። «አንድ ሴት የሻይ ዕቃ» ወይም በሒሳብ ስብስብ ስንል የምንጠቀምበት «ሴት» የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ «ሴክታ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ይህም ተከታዮች ወይም ጭፍራ እንደማለት ነበር። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ በድምፅ ስለተመሳሰሉ ተቀላቀሉ። ሁለት ምንጮች አንድ ወንዝ ሆኑ ማለት ነው። ታዲያ ከሁለት ምንጭ የመጣን ውኃ በአንዲት ጣሳ ቀድቶ «ይኸው ወንዙ» ማለት ይቻላል እንዴ?

አስቀመጠ ሆኖ ተነሣ

እስቲ አሁን አንድ ተማሪ በደብተሩ ላይ «ሴት = አስቀመጠ» ብሎ ጻፈ እንበል። ስህተት አልጻፈም። ግን ይህችን ብቻ ይዞ ምን ያህል ይጓዛል?

ቀን ለቀጠሮ «ሴት» ሲደረግ በአማርኛ ቀን ቆረጥን እንላለን። የሚቀሰቅሰን ሰዓት «ሴት» ሲደረግ ሰዓት ሞላን ነው። ወጥመድ ከሆነ አጠመድን፣ ማዕድ ከሆነ ዘረጋን፣ እሳት ከሆነ ለኮስን፣ ፈተና ከሆነ አወጣን፣ እስረኛ ነፃ ከሆነ ፈታን ወይም ለቀቅን ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት «ሴት» ሲያደርግ ጠገነ እንላለን። እርጎ «ሴት» ሲያደርግ ረጋ እንላለን። ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ጠነከረ። ቆረጠ፣ ሞላ፣ ዘረጋ፣ ለኮሰ፣ ፈታ፣ ጠገነ፣ ረጋ! በአማርኛ እነዚህ ግሦች አንድ ቤት አያድሩም። በእንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል ሁሉንም ተሸክማለች።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ትንንሾቹ ጭራዎች ሲቀጠሉባት ነው። «ሴት ኦፍ» ማለት ለጉዞ ተነሣ ነው። ጠዋት ከዳንግላ ተነሥተን ወደ እንጅባራ ስንሄድ እንግሊዝኛው «ሴት ኦፍ» ይለናል። «ሴት አፕ» ደግሞ አቋቋመ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቋመ የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ብንመልሰው ከሚመጡልን ቃላት አንዱ «ሴት አፕ» ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኞቹ በሰልፍ ሲነሡም «ሴት ኦፍ» ይባልላቸዋል። እንግዲህ ተመልከቱ! ማስቀመጥ ብለን የጀመርናት ቃል መነሣትም፣ ማቆምም ሆነች። «ሴት = አስቀመጠ» ብሎ የሸመደደው ልጅ ይህን ሲያነብ ማኅበሩን ላይ አስቀመጡት፣ ፈረሰኞቹንም አስቀመጧቸው ብሎ ቢተረጉም በማን ይፈረዳል? በልጁ ወይስ በደብተሩ?

የስፖርት ወዳጆችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሄንጌሎ 5,000 ሜትርን በ12፡37.35፣ በ2005 ደግሞ በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26፡17.53 ገብቶ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሲሆን በአማርኛ «ክብረ ወሰን ሰበረ» አልን። እንግሊዝኛው ግን ለአንዱ ድል ሁለት ግሥ አለው። የድሮውን ሲሰብር «ብሬክ»፣ አዲሱን ሲያቆም «ሴት»። በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ተማሪ ሁለት የተለያየ ነገር የሆነ ይመስለዋል። በዚያ ላይ በአጭር ርቀት ሩጫ አስነሺው ተኩሱን ከመልቀቁ በፊት ሯጮቹ እንዲዘጋጁ «ሴት» ብሎ ይጣራል። ይህ ትእዛዝ የሚሰጠው ግን እስከ 400 ሜትር ባለው ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ የረጅም ርቀት ጀግኖች መነሻው ላይ «ሴት» ሳይባሉ ሮጠው ነው መጨረሻው ላይ ክብረ ወሰን «ሴት» የሚያደርጉት። ሁለቱም ያችው ቃል ናት፤ ቦታዋ ግን ሌላ፣ ሥራዋም ሌላ ነው።

ሰዋስዋም የራሱ ጣጣ አለው። ይህች ግሥ በኃላፊ ጊዜ አትለወጥም፤ ትናንትም «ሴት» ነች፣ ዛሬም «ሴት» ነች። «ሂ ሴትስ» ካለ የዘወትር ድርጊት ነው፤ «ሂ ሴት» ካለ ያለፈ ነገር ነው። ልዩነቱ ያለው በአንዲት የ«ኤስ» ድምፅ ላይ ነው። ይህችን ሳያስተውል ያለፈ ሰው ታሪኩ መቼ እንደተፈጸመም አያውቅም።

አማርኛስ ቢሆን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «እንግሊዝኛ የተዘበራረቀ ቋንቋ ነው፤ የእኛ ግን ግልጽ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? እስቲ «ገባ» የምትለውን ቃላችንን እንያት።

ሰው ቤት ገባ። ክረምት ገባ። ፀሐይ ገባች። ቃል ገባ። ዕዳ ውስጥ ገባ። ሙሽሮቹ ገቡ። ሯጩ አንደኛ ገባ። ነገሩ ልቤ ገባ። ትምህርቱ ገባኝ። ከነዚህ ውስጥ በር ከፍቶ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ የውጭ አገር ሰው «ገባ = ወደ ውስጥ ሄደ» ብሎ ቢማርና እኛ «ገባህ?» ብንለው ወዴት ነው የምገባው ብሎ በር ይፈልጋል። እኛ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ግን እኛስ «ሴት» ላይ ያው ሰውዬ አይደለንም?

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱ ቃላት አንዳንድ ቦታ ይገናኛሉ። ክረምት ገባ ለማለት እንግሊዝኛው «ሴት ኢን» ይላል። ፀሐይ ገባች ለማለትም ያችኑ «ሴት» ይጠቀማል። አንዱ ሕዝብ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አይቶ ተቀመጠች አለ፤ ሌላው ደግሞ ቤቷ ገባች አለ። ፀሐይዋ ያችው አንድ ፀሐይ ነች። ይህን ያስተዋለ ተማሪ «ሴት» ከእንግዲህ ባዕድ አትሆንበትም። ትርጉሞቿ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ አንድ ሥር ይዘው የተሰራጩ ቅርንጫፎች መሆናቸው ይገለጥለታል። ፀሐይዋ ተቀመጠች፣ እርጎው ቦታውን ያዘ፣ አጥንቱ ወደ መቀመጫው ተመለሰ፣ ቀኑ ተወሰነ፤ ሁሉም አንድ ነገር ቦታውን ይዞ መርጋቱን ነው የሚናገሩት። በመሆኑም ሥሩን የያዘ ሰው ያልተማረውን ቅርንጫፍ እንኳ ገምቶ ይደርስበታል።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪው አንድ ቀን

«ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ሰዎች የሚሆን ጨዋታ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ ነው። ስለዚህ «ሴት» የምትገኘው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም።

እስቲ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያጋጥመውን እናስብ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሒሳብ መጽሐፉ የመጀመሪያው ምዕራፍ ራሱ ስለ «ሴት» ነው፤ ስብስብ ማለት ነው። ቀጥሎ ኬሚስትሪ ይገባል፤ መጽሐፉ ዕቃውን «ሴት አፕ» አድርግ ይለዋል፤ ገጣጥመህ አዘጋጅ ማለት ነው። ጂኦግራፊ ላይ ፀሐይ በምዕራብ «ሴት» ታደርጋለች። ስፖርት ላይ የመረብ ኳሱ ጨዋታ በ«ሴት» ይቆጠራል። ከሰዓት እንግሊዝኛ ሲደርስ ደግሞ ጥሩ ምሳሌ «ሴት» ያደረገ ሰው ታሪክ ያነባል። ማታ ቤቱ ገብቶ ደብተሩን ሲገልጥ ያለው ምንድን ነው? «ሴት = አስቀመጠ»።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የተሰጠውን በደንብ ይዟል። ችግሩ የተሰጠው ነገር አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። የባሰው ደግሞ ልጁ ቃሉን የማያውቀው አይመስለውም። የማያውቁት ቃል ቢሆን ይጠየቃል፣ መዝገበ ቃላት ይታያል። የሚያውቁት የሚመስል ቃል ግን አይጠየቅም፤ ዝም ብሎ ያሳስታል።

የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በቃላት እጥረት አመካኛለሁ ማለቴ አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የመጻሕፍት እጦቱም፣ ሌላውም አለበት። ግን ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚፈተን ልጅ ጥያቄው ሳይገባው መልሱ ሊገባው አይችልም። የጥያቄው ቃላት ደግሞ በአብዛኛው እንደ «ሴት»፣ «ጊቭ»፣ «ቴክ»፣ «ፓወር» እና «ወርክ» ያሉ ትንንሾቹ ናቸው። በፊዚክስ «ወርክ» የዕለት ሥራ አይደለም። «ፓወር» በሒሳብ ሌላ፣ በፊዚክስ ሌላ፣ በዜግነት ትምህርት ሌላ ነው።

ሁለት ወንዝ የሚሻገሩት

በዞናችን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ክብደት አለው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን አፍ የፈታነው በአውኚ ነው። አውኚ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ሆኗል። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሲተረጎም የምናየው በአብዛኛው ወደ አማርኛ ነው። ታዲያ ከባንጃ ወይም ከአንከሻ ገጠር የመጣ ልጅ «ሴት = አስቀመጠ» ሲባል አንድ ሳይሆን ሁለት ወንዝ ይሻገራል። መጀመሪያ አማርኛውን፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን። ቃሉ እሱ ዘንድ የሚደርሰው በሁለተኛ እጅ ነው፤ በየመሻገሪያውም የሆነ ነገር ይንጠባጠባል።

ይህ ማለት ግን አውኚ ሸክም ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ሀብት ነው። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አገውን የግሥ ሥርዓት ብቻ የሚተነትን አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። የደቡብ አገው ያለው ይህንኑ አውኚን ነው። መጽሐፍ የሚሞላ ግሥ ያለው ቋንቋ ተናጋሪ የ«ሴት» ብዙ መልክ ሊያስደነግጠው አይገባም። አውኚ ተናጋሪ ጓደኞቻችን በአማርኛ በ«ገባ» ላይ ያደረግነውን በራሳቸው ቋንቋ ግሥ ላይ ቢያደርጉት ያው ነገር ይወጣላቸዋል። አንዱ ግሥ ስንት ቦታ እንደሚውል ጽፈው ለሚቀጥለው የመጽሔታችን ዕትም ቢያመጡልን ደግሞ ሁላችንም እንማርበታለን።

«ግን እኮ...» ለሚሉ

መቼም ክርክር ያለ ተቃዋሚ አይጥምም። አንደኛው ተቃውሞ «መጀመሪያ አንድ ትርጉም ካልያዝን በምን እንጀምራለን?» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ማንም ከአንድ ይጀምራል። እኔ የምቃወመው በአንድ መጀመርን ሳይሆን በአንድ መጨረስን ነው። ደብተራችን ላይ ከእኩል ይሆናል ምልክቱ በኋላ አንድ ቃል ጽፈን ገጹን ስንገለብጥ፣ ጉዳዩ የተዘጋ እናስመስለዋለን።

ሁለተኛው «ታዲያ 430ውን ሁሉ እንሸምድድ?» የሚል ነው። ኧረ በጭራሽ! እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም አይሸመድዱትም። እኛ የ«ገባ»ን ትርጉሞች ማን አስጠናን? ማንም። ከነጓደኞቻቸው ስንሰማቸው አደግን እንጂ። «ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ» የሚባለው ለቃልም ይሆናል። ጄ. አር. ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ ቃል የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነው ብሏል። የእኛ አበው ስለ ሰው ያሉትን እሱ ስለ ቃል አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ክፍሉ 60ና 70 ተማሪ ይዞ፣ መጽሐፍ ለሦስት እየተካፈሉ፣ መምህሩ ከዚህ የተሻለ ምን ያድርግ?» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው እውነታውን ያውቃል፤ አልንቀውም። ግን ቃልን በዓረፍተ ነገር ለማስተማር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ያችው ጠመኔ፣ ያው ሰሌዳ ይበቃል። አሥር ቃል አንድ ለአንድ ከመጻፍ ሦስት ቃል ከነዓረፍተ ነገራቸው መጻፍ ጠመኔው ያው፣ ጊዜው ያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት አራት ነገር ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ ደብተራችንን እንቀይር። ቃልን ብቻውን አንጻፍ። «ሴት» ብለን ከምንጽፍ ቀን «ሴት» አደረገ፣ ወጥመድ «ሴት» አደረገ፣ ፀሐይ «ሴት» አደረገች ብለን ከነባልንጀራዋ እንጻፋት። አዲስ አጠቃቀም ባገኘን ቁጥር እንድንጨምርበት ከሥሯ ባዶ ቦታ እንተውላት። የቃሉ ገጽ እንደ ዕድር መዝገብ ይሁን፤ አባል በመጣ ቁጥር ይጨመራል።

ሁለተኛ፣ በምናነብበት ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንልመድ። ማን ነው ያደረገው? ምንን ነው ያደረገው? ከኋላስ ምን ተቀጥላለች? አድራጊዋ ፀሐይ ከሆነች መጥለቅ ነው። ተደራጊው ፈተና ከሆነ ማውጣት ነው። ከኋላ «ኦፍ» ካለች መነሣት ሊሆን ይችላል። በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ መዝገበ ቃላት ሳይገለጥም ትርጉሙ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ መዝገበ ቃላትን እንደ ሰው እንጠቀምበት። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ወጥተው ነበር። አንደኛው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው የዎልፍ ሌስላው ሥራ ነው፤ እሱ እንዲያውም ስሙ ራሱ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። ሌስላው ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አስገብቶ አማርኛውንም በዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ለእኛው ቋንቋ የተሠራ መንገድ እያለ እኛ ዛሬም በእኩል ይሆናል ምልክት መንገላታታችን ያሳዝናል። በእጅ ስልክ ላይ ያለውም መዝገበ ቃላት ቢሆን የመጀመሪያውን ትርጉም አይቶ ለሚዘጋ ሰው ከደብተሩ አይሻልም። እስከ ታች እናንብበው፤ ምሳሌዎቹን እንይ።

አራተኛው ለመምህራኖቻችንና ነገ መምህር ለምንሆነው ነው። ፈተናችን ሲለወጥ ጥናታችን ይለወጣል። «ሀን ከለ አዛምድ» የሚል የቃላት ፈተና እስከቀጠለ ድረስ ተማሪው አንድ ለአንድ መሸምደዱን አያቆምም፤ ምን በወጣው! በምትኩ አንዷን ቃል በአራት ዓረፍተ ነገር አስገብተን በየትኛው ምን ማለት ነች ብለን ብንጠይቅስ? ለማረም ከባድ አይደለም፤ ለማዘጋጀትም አንድ ምሽት አይፈጅም። ልምምድ ማስተማር ስንወጣ አንድ ሳምንት ብቻ ሞክረነው የታየውን ለዲፓርትመንቱ ሪፖርት ብናደርግ የቃል ክርክሩ በማስረጃ ይተካል። አውኚ ተናጋሪ ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ ትርጉሙን በአማርኛ ብቻ ከመስጠት በድርጊት ማሳየትን እንልመድ። ሰዓት መሙላትን በእጅ ማሳየት ይቻላል፤ ፀሐይዋንም በመስኮት መጠቆም ይቻላል። ያኔ ልጁ አንዱን ወንዝ በድልድይ ያልፈዋል።

ለማጠቃለል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለፈተና ዋዜማ በጥድፊያ የተሸመደደ የቃላት ዝርዝርም እንደዚያው ነው፤ ፈተናው ሳያልቅ ይፈታል። ቀስ ብሎ፣ ከነጓደኞቹ፣ ከነቦታው የታጠቁት ቃል ግን እስከ መጨረሻው ያገለግላል።

ከእኛ ውስጥ ብዙዎች በቅርቡ ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ አዲስ ቅዳም፣ ጃዊ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። ከፊታቸው የሚቀመጡት ልጆች የሒሳቡንም፣ የኬሚስትሪውንም በር የሚከፍቱት እኛ በምንሰጣቸው ቃል ነው። አንዲት የደነዘዘች ቁልፍ ሰጥተን «ይኸው እንግሊዝኛ» ብንላቸው በሩ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ገልጣችሁ «እናውቃታለን» የምትሏትን አንዲት ትንሽ ቃል ምረጡና ስንት ቦታ እንደምታውቋት ቁጠሩ። መምህራኖቻችንም በዚህ ላይ የምትሉትን ብትጽፉልን ደስታችን ነው፤ ልክ አይደለህም የምትሉኝም ካላችሁ ክርክሩን በሚቀጥለው ዕትም እንቀጥለዋለን።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።